ጠላ ቤትና የባልንጀራ ሥርዓት በቆጋና በባሕር ዳር

ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በሰፈሩ ወዳለ መጠጥ ቤት መሄዱ በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው። እንግሊዛዊው ወደ ሰፈሩ ፐብ፣ አሜሪካዊው ልዩ ልዩ መጠጥ ተደባልቆ ወደሚቀርብበት ኮክቴል ቤት፣ ጃፓናዊው ወደ ኢዛካያ ይሄዳል። ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ባለው አገር ይኸንን ተግባር ሲፈጽም የኖረው ጠላ ቤት ነው። ጠላ ቤት ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለው፤ ይኸውም መጠጡ የሚሸጥበት ስፍራ ብዙውን ጊዜ ሻጯ ራሷ የምትኖርበት ቤት መሆኑ ነው። ወደዚያ የሚገባው ሰው ከፍሎ ስለሚጠጣ ደንበኛ ነው፤ የሰው ደጃፍ አልፎ በሰው ምድጃ አጠገብ ስለሚቀመጥ ደግሞ እንግዳ ነው። ሻጯም ዋጋ ስለምትቀበል ነጋዴ ናት፤ በገዛ ቤቷ ስለምታስተናግድ ግን ባለቤት ናት።

በጠላ ቤት የሚታየው ሥርዓት፣ ሰላምታውም፣ አቀማመጡም፣ አቀዳዱም፣ አከፋፈሉም፣ ይኸንን ሁለት ጠባይ አስማምቶ ለማኖር የተሠራ ነው። ቋንቋውም ይኸንኑ ይመሰክራል። «መረቀ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ሽማግሌ ወይም ካህን መልካም ቃል ሲናገር ነው፤ ሁለተኛው ሻጭ ከተሰፈረው ላይ ያለ ዋጋ ሲጨምር ነው። ጠላ ቤት ሁለቱ ፍቾች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣው ቢራ እየበዛ በሚሄድበት በአሁኑ ዘመን ይህ ሥርዓት ምን እንደሆነ ማወቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። የሚነካው የመጠጥ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሴቶች እንጀራና የሰፈር ሰዎች እርስ በርስ የሚተማመኑበት መንገድ አብሮ ይነካል።

ሀ) ስለ አገሩና ስለ እህሉ

ቆጋ በሜጫ ምድር የሚፈስ ወንዝ ሲሆን ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጣና ይገባል። በአቅራቢያው ያለችው ከተማ መራዊ ናት፤ ከባሕር ዳርም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ እንዲይዝና ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ከግድቡ በፊት ገበሬው በአብዛኛው የክረምትን ዝናብ ተስፋ አድርጎ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ጤፍና ገብስ ይዘራ ነበር፤ መስኖው ከመጣ ወዲህ ግን በበጋም ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን ያመርታል።

ከእነዚህ እህሎች ለመጠጥ ነገር ዋነኛው ዳጉሳ ነው። ዳጉሳ በጎተራ ለረጅም ጊዜ ሳይነቅዝ ይቀመጣል፤ ለጠላም ለአረቄም ይሆናል። ገብስ በሞላበት በደጋው አገር ግን የተመረጠው ጠላ የገብስ ነው። መጠጡን መራራ የሚያደርገውና ከመበላሸት የሚጠብቀው ጌሾ በሐይቁ ዳርቻ በዘጌ ልሳነ ምድር ከቡና ጋር በጥላ ሥር ይበቅላል። በዘጌ ገዳማት አካባቢ መሬት በሞፈር እንዳይታረስ የቆየ ልማድ ስለሚከለክል ሕዝቡ የኖረው ከቡናና ከጌሾ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ጌሾውም ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲሻገር ኖሯል። ስለዚህ በባሕር ዳር ወይም በመራዊ የሚቀርብ አንድ ጣሳ ጠላ የገበሬውን፣ የገዳሙን ምድርና የሐይቁን ታንከኛ ሥራ አንድ ላይ የያዘ ነው።

ለ) ስለ አጠማመቁ

አማርኛ ለእያንዳንዱ መጠጥ የየራሱን ግሥ ሰጥቶታል። ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል፤ አረቄ ይወጣል። ሦስቱንም በአንድ ግሥ የሚጠራ ሰው ሥራውን እንደማያውቅ ይቆጠራል።

ጠላ የሚጠመቅበት ጋን አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ የጭሱ ሽታ ወደ መጠጡ ገብቶ ልዩ ጣዕም ይሰጠዋል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውኃ ተነክሮ ጥንስስ ይባላል። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመርበታል። ከዚያም ከተቆላ እህል ዱቄት በእሳት የተነኮረ እንኩሮና የጌሾ እንጨት ይገባበትና ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ በውኃ ተበጥብጦ፣ የጋኑ አፍ ተደፍኖ ይቀመጥና ሲጠራ ይቀዳል። መጀመሪያ የሚወርደው ወፍራሙና ብርቱው ነው። በቀረው ድፍድፍ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭኑ መጠጥ ቅራሪ ይባላል፤ ይኸንንም ሕፃናትና የሥራ ሰዎች ለጥም ይጠጡታል። አተላውም አይጣልም፤ ለከብት ይሰጣል ወይም ከብት ለሚያደልቡ ይሸጣል።

የጠላ ብርታት እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ በአብዛኛው ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ አልኮል ይኖረዋል። ጠላ በርቶ ደስ የሚያሰኝበት ጊዜ አጭር ነው፤ ጥቂት ቀን ካለፈ ይኮመጥጣል። ጠማቂዋ እህሉን፣ ጌሾውንና የማገዶውን እንጨት አስቀድማ ትገዛለች፤ ከሳምንት በላይም ትደክማለች፤ ካበቃላት በኋላ ግን መጠጡን ቶሎ ካልሸጠችው ገንዘቧም ድካሟም አብሮ ይኮመጥጣል። በጠላ ቤት ሥርዓት ውስጥ ብዙ ነገር የሚገባን ይህ የቀን ጥበት ሲታወቅ ነው። ጠማቂዋ የሚያስፈልጋት አልፎ ሂያጅ ገዥ አይደለም፤ በገበያም፣ በበዓልም፣ በድኻ ወርም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው።

ሐ) ስለ አገባብና ስለ አቀማመጥ

ጠላ መድረሱን ለመንገደኛ የሚያስታውቀው ምልክት በደጃፍ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ነው። ጣሳው ከተነሣ ጠላው አልቋል ማለት ነው። ምልክቱ ጽሕፈት አያስፈልገውም፤ ማስታወቂያም ፈቃድም ይሆናል፤ ያን ጊዜ የግል ቤት ለሰው ሁሉ ክፍት ሆነ ማለት ነውና።

ባልንጀሮች ወደ ጠላ ቤት የሚሄዱት በዘፈቀደ አይደለም። በገበያ ቀን የሸጠና የገዛ ሰው ከመንገድ በፊት ይገባል። በወር በዓላት፣ በሚካኤል፣ በማርያምና በተለይም በባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቀን፣ የእርሻ ሥራ ስለማይሠራ ሰው ይበዛል። በጾም ቀን ጠላ ከእህል ብቻ የሚሠራ ስለሆነ አይከለከልም፤ ጾመኛው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ከቅዳሴ በኋላ ይጠጣል።

የሚገባው ሰው ከደጅ ሰላምታ ይሰጣል። የተቀመጡት ብድግ ብለው «ኖር!» ይሉታል፤ እርሱም «በእግዜር!» ብሎ እንዲቀመጡ ይለምናቸዋል። ይህ የሚደረገው ለሚያውቁት ብቻ አይደለም፤ ለማያውቁትም ይደረጋል። ገቢው በዕድሜ ከገፋ ወጣቱ ከመደቡ ላይ ተነሥቶ በርጩማ ይይዛል። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የተሠራው መደብ የክብር ስፍራ ሲሆን ደጃፉ አጠገብ ያለው ለወጣት ወይም ለቸኳይ ነው። ጠማቂዋን ደንበኛው በስሟ ብቻ አይጠራትም፤ እንደ ዕድሜው «እትዬ» ወይም «እታለም» ይላታል፤ ያረጀች ከሆነች «እማማ» ትባላለች። ታላቅ የሆነውን ጠጪ ደግሞ ታናሹ «አያ» ወይም «ጋሼ» ይለዋል። ዝምድና በሌለበት በዝምድና ስም መጠራራት ትርፍ ንግግር አይደለም። «እትዬ» ብሎ የጠራት ሰው በእርስዋ ቤት የወንድምን ጨዋነት ሊጠብቅ ግዴታ ገብቷል፤ ነውር ቢሠራም የሚወቅሰው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው።

አብዛኞቹ ጠጪዎች ወንዶች ናቸው። ሴቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠጡት በየቤታቸው፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ነው፤ ያረጁ ሴቶች ግን በጠላ ቤት ገብተው ቢቀመጡ የሚነቅፋቸው የለም። ለሙስሊም ጎረቤትና መጠጥ ለተወ ሰው አልኮል የሌለበት ቀሪቦ ወይም ከማርና ከውኃ ብቻ የተበጠበጠ ብርዝ የሚገኝበት ቤት አለ፤ ባይገኝም ባልንጀራን አጅቦ ሳይጠጡ መቀመጥ ነውር አይደለም።

መ) ስለ አቀዳድ፣ ስለ ተራና ስለ ምራቂ

ጠማቂዋ ስትቀዳ በፊት ጥቂት አፍስሳ ትቀምሳለች። ይህ በጥንት ጊዜ መርዝ የሌለበት መሆኑን ለማረጋገጥ በመኳንንት ፊት ይደረግ የነበረው የቀማሽ ሥራ ርዝራዥ ነው። በጠላ ቤት ግን ትርጉሙ ተለውጧል፤ ዛሬ መቅመሷ «እኔም የምጠጣው ይኸንኑ ነው» ማለቷ ነው። ከጠላው ጋር የተቆላ ሽምብራ ወይም ገብስ፣ አንዳንድ ጊዜም ንፍሮ ታቀርባለች። ቆሎው ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም፤ የቤት ገበታ ምልክት ነውና።

ባልንጀሮች አብረው ሲጠጡ የሚከፍሉት በተራ ነው። አንዱ የመጀመሪያውን ያስቀዳል፤ ሁለተኛው «ድገሚልን» ሲል የሚቀጥለውን ይወስዳል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ሒሳቡን ለየራስ ከፋፍሎ መክፈል የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ባልንጀርነት እንደ ቀዘቀዘ ያስቆጥራል። የተራ ጥበቡ ሒሳቡ በአንድ ቀን አለመዘጋቱ ነው። ዛሬ ያልደረሰው ሰው ለሚመጣው ቀን ዕዳ ይዞ ይሄዳል፤ ያም ዕዳ ለመመለስ ምክንያት ይሆነዋል። ገንዘብ ያጣው ባልንጀራ ተራው ሲደርስ ሌላው ቀደም ብሎ «የዛሬው የእኔ ነው» ይላል፤ ድኽነቱም በሰው ፊት ሳይገለጥ ያልፋል። መከሩ ሲገባ ወይም ደመወዝ ሲወጣ ያ ሰው በፈንታው ይጋብዛል። ስለዚህ ተራ እኩል ያልሆኑ ሰዎችን ለጥቂት ሰዓት እኩል አድርጎ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነው።

ጠጪው በቃኝ ሲል ባልንጀራው «በሞቴ» ይለዋል፤ ባለቤቷም «አፈር ስሆን» ትለዋለች። እነዚህ ቃላት ከቤት ግብዣ የመጡ ናቸው። በቤት ግብዣ የሚለምነው አስተናጋጅ ያለ ዋጋ ስለሚሰጥ ልመናው ንጹሕ ፍቅር ነው፤ በጠላ ቤት ግን የምትለምነው ሴት ትርፍ አላት። ሥርዓቱ ይኸንን ግጭት የሚያስታርቀው በምራቂ ነው። የተሰፈረው ተጠጥቶ ሲጎድል ባለቤቷ ጥቂት ጨምራ ትመርቃለች፤ ለጨመረችው አትቆጥርም። አንዱ ወገን ገንዘብ፣ ሌላው መጠጥ ሰጥቶ ግብይቱ ካበቃ በኋላ አንድ ያልተቆጠረ ነገር በመካከላቸው ይቀራል። ምራቂ የማትሰጥ ሴት በሰፈሩ «ስስታም» ትባላለች፤ ምራቂን እንደ መብት ቆጥሮ የሚጠይቅ ጠጪም ባለጌ ይባላል። ሊሰጥ የሚገባው፣ ነገር ግን ሊጠየቅ የማይገባው ነገር በመሆኑ ምራቂ ከዋጋ ይልቅ ለስጦታ ይቀርባል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ዱቤ ነው። አንዳንዷ በደብተር፣ አንዳንዷ በግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት፣ ብዙዎቹም በቃላቸው ይይዙታል። ዱቤ የሚሰጠው ቤቱ ለታወቀ ሰው ነው፤ የታወቀ ማለትም ተጠሪ ባልንጀራ ያለው ማለት ነው። ባልንጀራውን አስገብቶ ያስተዋወቀ ሰው በልማድ ዋሱ ይሆናል።

ሠ) ስለ ሥርዓቱ ምንጭ

ይህ ሥርዓት ከሁለት ጥንታዊ ነገሮች የተቀዳ ይመስላል። የመጀመሪያው ግብር ነው። ነገሥታትና መኳንንት በአዳራሽ ግብር ሲያበሉ እንግዳው እንደ ማዕርጉ ይቀመጥ፣ ጠጁም በአሳላፊዎች እጅ ይቀዳ ነበር፤ አሳላፊው ከሚቀዳው ጥቂቱን በመዳፉ አድርጎ ይቀምስ ነበር። በቀድሞ ዘመን ጠጅ ከሁሉ አስቀድሞ የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ሲሆን ጠላ የባላገር መጠጥ ነበር። የመቀመጫው ተዋረድ፣ ቅምሻውና የመድገሙ ልማድ ከአዳራሹ ወደ ጠላ ቤቱ ወርደዋል።

ሁለተኛው የጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞች በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ በየተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ሙሴ የሚባለው አለቃ ያስተናብራል፤ ካህኑ ይመርቃል። ከግብር የሚለየው ማዕርግ በውስጡ ዋና አለመሆኑ ነው፤ የዛሬው እንግዳ የነገ ደጋሽ ነውና። በጠላ ቤት የሚታየው ተራ ከዚህ ማኅበር ጋር በጣም ይመሳሰላል። እንግዲህ ጠላ ቤት የአዳራሹን ክብርና የማኅበሩን እኩልነት በአንድነት ይዞ በላያቸው ላይ ሽያጭን የጨመረ ነው ማለት ይቻላል።

የፈረንጅ የመጠጥ ልማድ ከዚህ ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ከዚሁ አገር አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ወደ ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ጽዋ ከምንጩ ውኃ ቀድቶ በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ 3ኛ ስም እንደ ጠጣ በመጽሐፉ ገልጧል። ብሩስ የጠጣው በሩቅ ላለ ሰው ስም ጽዋ አንሥቶ ነው። በጠላ ቤት ግን መልካም ቃል የሚነገረው በፊት ለተቀመጠው ሰው፣ ለቤቱና ለባለቤቷ ነው፤ ከሁሉ የሚያረጀው ሰው ይመርቃል፤ የቀሩት «አሜን» ይላሉ። ዛሬ ቢራ ሲከፈት ብርጭቆ አጋጭቶ «ለጤናችን» ማለት ተለምዷል፤ ይህ ግን ከጠላ ጣሳ ጋር የተወለደ ልማድ አይደለም።

ረ) ስለ ጠጅ ቤት፣ ስለ አረቄና ስለ ቅልቅል መጠጥ

ጠጅ ቤት ከጠላ ቤት ይልቅ ወደ ንግድ ቤት የቀረበ ነው። አዳራሹ ሰፊ፣ አግዳሚው ረጅም፣ አሳላፊዎቹም ቅጥረኞች ናቸው። ጠጁ የሚቀርበው አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ክብ በሆነው ብርሌ ነው። ባልንጀርነትም በብርሌ ይመሰላል፤ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ምሳሌ አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ ወዳጅነት እንደማይጠገን የሚያስታውስ ነው።

በኮክቴል ቤት የመደባለቅ ጥበብ የአሳላፊው ሥራ እንደሆነ ሁሉ በጠጅ ቤትም መጠኑን ማስማማት የባለቤቱ ሙያ ነው። ጠጪው ደረቅ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ ብሎ ያዛል። ደረቁ ማሩ በደንብ የፈላና ጣፋጭነቱ የጠፋ ሲሆን ለስላሳው ገና ያልበረታ ወይም በብርዝ የተለዘበ ነው፤ መካከለኛው በሁለቱ መካከል ይገኛል። አብረው የመጡ ባልንጀሮች የተለያየ ቢያዙም አይነቃቀፉም፤ ነገር ግን ለስላሳ ያዘዘውን ወጣት ሽማግሎቹ በቀልድ ሳይነኩት አያልፉም።

አረቄ ደግሞ ከድፍድፍ የሚወጣ ነው። ድፍድፉ በእንስራ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቀዘቅዛል፤ የሚንጠባጠበውም ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ፣ ደግሞ የተጣራው ዳግም አረቄ ይባላል። ዳግሙ ከመቶ ከ40 እጅ በላይ አልኮል ሊኖረው ስለሚችል በመለኪያ እንጂ በጣሳ አይጠጣም። በአረቄ ውስጥ ማር ወይም ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ለጉንፋን መጠጣት የታወቀ ነው። በከተማ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ቢራን ከወይን ጠጅና ከለስላሳ መጠጥ ጋር ደባልቆ «ቱርቦ» ብሎ መጥራት ተለምዷል። በባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ባሉት ትልልቅ ሆቴሎች በፈረንጅ ስም የሚጠራው ኮክቴል ይገኛል፤ ዋጋው ግን ከሰፈር ሰው ኪስ የራቀ ነው።

በአዝማሪ ቤት ማሲንቆ ይጨመራል። ከባልንጀሮቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። በሰምና ወርቅ የተሸፈነ ነቀፋ በዚህ መንገድ ሲነገር የተነካው ሰው ከመሳቅ በቀር ምርጫ የለውም፤ ቢቆጣ ወርቁ ለእርሱ መሆኑን አመነ ማለት ነውና። በዚህም ምክንያት በጉባኤ የማይነገር ነገር በመጠጥ ቤት ይነገራል።

ሰ) ስለ ከተማና ስለ ቢራ

ባሕር ዳር ለረጅም ጊዜ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ ሰፈር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የቆመው ፖሊቴክኒክ፣ በ1964 የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምሩ ከየገጠሩ ብዙ ሠራተኛ ገባ። ይህ ሠራተኛ ዘመዱን በአገሩ ትቶ የመጣ ስለሆነ ዘመድን የሚተካለት ነገር ያስፈልገው ነበር። ጠላ ቤት፣ ዕቁብና ዕድር ይኸንን ቦታ ያዙ። ሦስቱም ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በአንድ ቤት ነው፤ ዕቁብ የሚጣለው፣ የለቅሶ ወሬ የሚሰማው፣ ሥራ የሚፈለገው በጠላ ቤት መደብ ላይ ነበርና።

የፋብሪካ ቢራ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። ለጣና አካባቢ ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2000 በጎንደር የዳሽን ቢራ ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላ ነው። ቢራ ከከተማው አልፎ ወደ ገጠር ገበያ ደረሰ። ቢራ የሚሸጥበት ትንሽ ቤት ግሮሰሪ ይባላል፤ ይህ ቃል በሌላ አገር የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ማለት ሲሆን በኢትዮጵያ የመጠጥ ቤት ስም ሆኗል። በቆጋ የመስኖ መሬት በበጋ ሽንኩርትና ድንች ሸጦ ጥሬ ገንዘብ የጨበጠ ወጣት ከጠላ ይልቅ ወደ ቢራ ማዘንበሉ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቢራ የከተሜነትና የጥጋብ ምልክት ሆኖ ቀርቧልና። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከከለከለ በኋላም ልማዱ አልተመለሰም።

በግሮሰሪ ውስጥ ተራው ቀርቷል ማለት አይቻልም፤ ባልንጀሮች አሁንም እየተገባበዙ ይጠጣሉ። የቀረው ምራቂ ነው። ጠርሙስ በፋብሪካ ተሞልቶ ስለታሸገ በላዩ ላይ የሚጨመር ነገር የለም፤ የሚያሳልፈውም ሰው ቅጥረኛ ስለሆነ የሌላውን ሀብት ሊመርቅ አይችልም። ባዶ ጠርሙሶች በጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ሒሳቡን ራሳቸው ይናገራሉ። በጠላ ቤት የማይቆጠረው ነገር ሰዎችን ሲያስተሳስር ኖሯል፤ በግሮሰሪ ግን የማይቆጠር ነገር የለም።

ሸ) ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ

ጠላ ቤትን ስናመሰግን ጉዳቱን መሸፈን አይገባም። አረቄ ብዙ ትዳር አፍርሷል፤ የሳምንት ደሞዝ በአንድ ማታ ያለቀበት ቤት ጥቂት አይደለም። ካህናትና የዕድር ሽማግሎች ስካርን ሲገሥጹ ኖረዋል። ጠማቂዋ ራሷም በቤቷ ውስጥ ሰካራም የምታስተናግድ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ስትሆን ከለላዋ «እትዬ» የሚላት ሰፈር ብቻ ነው። ጭሱ ዓይኗን፣ የጋኑ ሸክም ወገቧን ይጎዳታል። ቢራ ለመንግሥት ኤክሳይዝ ታክስ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ ያለ መዝገብ የሚሠራው የጠማቂዋ ሥራ ግን ከግብሩ እንደ ራቀ ሁሉ ከባንክ ብድርም የራቀ ነው።

ያም ሆኖ መሬት ለሌላት፣ ትምህርት ላልተማረች ሴት በትንሽ ገንዘብ በገዛ ቤቷ የምትጀምረው ሥራ ከጠላ ሌላ ብዙ አልነበረም። የብዙ ተማሪ ደብተርና ልብስ ከጋን የወጣ ነው። ይህ ኑሮ ምን ያህል በሰላም ላይ የተመሠረተ እንደሆነ የቅርቡ ጊዜ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞችም የሰዓት እላፊ ተደነገገ። መንገድ ሲዘጋ እህልና ጌሾ ይወደዳል፤ ማታ ሰው ከቤቱ ካልወጣ የተጠመቀው ይኮመጥጣል። ፋብሪካ የጠርሙስ ቢራውን ለወራት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ጠማቂዋ ግን ያላት ጥቂት ቀን ነው።

በጠቅላላው ሲታይ በቆጋና በባሕር ዳር ከባልንጀራ ጋር ወደ ጠላ ቤት መሄድ ሦስት ነገሮችን ያስገኛል፤ ለጠጪው በዝምድና ስም የሚጠራበት ሰፈር፣ ለባልንጀሮቹ በአንድ ቀን የማይዘጋ የተራ ዕዳ፣ ለጠማቂዋም ክብሯን ሳታጣ የምትኖርበት ገቢ። መጠጡ በሌላ መጠጥ ሊተካ ይችላል፤ በሌላ አገርም ተተክቷል። እነዚህን ሦስቱን አብሮ የሚተካ ቤት ግን እስካሁን በሰፈሩ አልተከፈተም። ስለዚህ የሕዝብን ልማድ የሚያጠኑ ተማሪዎች የጠላውን አጠማመቅ ሲጽፉ የተራውን፣ የዱቤውንና የምራቂውን ሥርዓት አብረው ሊጽፉ ይገባል፤ የጋኑን አሠራር የሚያስታውስ ሰው ወደ ፊትም ይገኛል፤ ያልተቆጠረውን ግን ማንም አልመዘገበውምና ከሁሉ አስቀድሞ የሚረሳው እርሱ ነው።